ያለ አሳታሚ የተሠሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎች በኢንተርኔት እንዴት ይሸጣሉ? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል?

የ10 ዶላር ዋጋ የተለጠፈበት አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ እንበል። የሠራው አንድ ሰው ነው። አሳታሚ ኩባንያ የለውም፤ የሚሸጠውም ስቲም በተባለው የኢንተርኔት መደብር ብቻ ነው። አንድ አሜሪካዊ ገዢ 10 ዶላሩን ሲከፍል፣ ጨዋታውን የሠራው ሰው የአዲስ አበባ ወይም የዱባይ ነዋሪ ከሆነ፣ ከዚያ ገንዘብ የሚላክለት 4 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። ያው ሰው የበርሊን ወይም የለንደን ነዋሪ ቢሆን ኖሮ ግን 7 ዶላር ይላክለት ነበር። ጨዋታው ያው ነው፤ ገዢውም ያው ነው፤ መደብሩም ያው ነው።

ኢንተርኔት የጨዋታ ንግድን ድንበር የለሽ አድርጎታል ይባላል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ ላፕቶፕና 100 ዶላር ያለው ሰው፣ በአብዛኛው የዓለም ክፍል ሆኖ ጨዋታውን ለዓለም ገበያ ማቅረብ ይችላል። ይህ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የማይታሰብ ነበር። ነገር ግን ወደ ገበያው መግባት በቀለለ ቁጥር በገበያው ውስጥ መታየት እየከበደ ሄዷል። ከሽያጩ ምን ያህሉ እጅ ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ፣ ከላይ እንደታየው፣ ሠሪው በሚኖርበት አገር ይወሰናል።

"ኢንዲ" ማን ነው?

"ኢንዲ" የሚለው መጠሪያ "ኢንዲፔንደንት" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ሲሆን፣ ትርጉሙም ራሱን የቻለ ማለት ነው። በትልልቅ አሳታሚዎች ገንዘብና ትእዛዝ ሳይሆን፣ በሠሪዎቹ በራሳቸው አቅም የተዘጋጁ ጨዋታዎችን ያመለክታል። ድንበሩ ጥርት ያለ አይደለም። ሃያና ሠላሳ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ስቱዲዮም፣ ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ማታ ብቻውን ኮድ የሚጽፍ ወጣትም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በንግዱ ዓይን ሲታይ ዋናው መለያ የሰው ብዛት አይደለም። የጨዋታው ባለቤት ማን ነው፣ ዋጋውንስ የሚቆርጠው ማን ነው የሚለው ነው።

ከካርቶን ወደ ኢንተርኔት

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ጨዋታ በአብዛኛው የሚሸጠው በካርቶን ታሽጎ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዲስኩን ማባዛት፣ ካርቶኑን ማሳተም፣ ማጓጓዝና ባለሱቆችን ማግባባት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያ ገንዘብ ያለው ደግሞ አሳታሚው ነበር። መደርደሪያውም ጠባብ ነው። አዲስ ካርቶን ሲመጣ የቆየው ይነሣል።

ይህን መንገድ ዘልለው ካለፉት መካከል ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የቴክሳስ ቡድን በብዙዎች ይታወሳል። ቡድኑ በዲሴምበር 1993 "ዱም" የተሰኘውን ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍል በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ አስቀመጠ። ማንም በነፃ አውርዶ መጫወት፣ ቀድቶም ለጓደኛው መስጠት ይችል ነበር። ቀሪዎቹን ሁለት ክፍሎች የፈለገ ግን ማዘዝና መክፈል ነበረበት። "ሼርዌር" የሚባለው ይህ አሠራር በገበያ ቀን ማር ሻጭ "ቅመሱና ግዙ" ከሚለው የተለየ አይደለም። የቀመሰው ሁሉ ባይገዛም፣ ሳይቀምስ የሚገዛው ከዚያ ያነሰ መሆኑን ሻጩ ያውቃል።

ዛሬ የሚታወቀው ገበያ መልክ መያዝ የጀመረው ግን በ2003 ነው። በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ቫልቭ ኩባንያ በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ወር ስቲምን ሥራ ሲያስጀምር፣ ሐሳቡ "ካውንተር ስትራይክ"ን የመሳሰሉ የራሱን ጨዋታዎች በኢንተርኔት በኩል ማደስ ነበር። ብዙ ተጫዋቾች አልወደዱትም። በቀጣዩ ዓመት "ሃፍ ላይፍ 2" የተባለውን ጨዋታ በዲስክ የገዛ ሰው እንኳ ስቲምን ሳይጭን መጫወት እንደማይችል ሲነገረው ቅሬታው በረታ። በ2005 ስቲም የሌሎችን ሥራ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው "ራግ ዶል ኩንግ ፉ" ሲሆን፣ የሠራውም በብሪታኒያ በአንድ የጌም ስቱዲዮ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ማርክ ሂሊ በትርፍ ሰዓቱ ነው። ለአሥርት ዓመታት በአሳታሚዎች እጅ የነበረው በር በዚህች ትንሽ ጨዋታ ገርበብ አለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የሙከራ ዓመታት ነበሩ። ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት "ወርልድ ኦፍ ጉ" በ2008 ወጣ። ሠሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት የጨዋታውን ልደት ምክንያት አድርገው፣ ገዢው የፈለገውን ያህል እንዲከፍል ፈቀዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ገዙ። ከሌሎች ዋጋዎች ሁሉ ይበልጥ የተመረጠው አንድ ሳንቲም ነበር። እንዲያም ሆኖ ከፍ አድርገው የከፈሉት የቀሩትን ስላካካሱ፣ የሽያጩ ጠቅላላ ገቢ ከ100 ሺህ ዶላር አለፈ። ዎልፋየር የተባለው ሌላ ትንሽ ስቱዲዮ ይህንን ሐሳብ አስፍቶ በሜይ 2010 በርካታ ጨዋታዎችን በአንድ ጥቅል፣ በገዢው ፈቃድ ዋጋ አቀረበ። "ሃምብል ኢንዲ ባንድል" የተባለው ይህ ጥቅል ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ገዢዎችም ከሚከፍሉት ላይ ምን ያህሉ ለሠሪዎቹ፣ ምን ያህሉ ለበጎ አድራጎት እንደሚሄድ ራሳቸው ይወስኑ ነበር።

የዘመኑ ትልቁ ታሪክ ግን የተጻፈው ከመደብሮች ሁሉ ውጭ ነው። ስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሶን በሜይ 2009 "ማይንክራፍት"ን ገና ሳይጨርሰው ለሕዝብ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ በራሱ ድረ ገጽ በ10 ዩሮ ገደማ መሸጥ ጀመረ። ቀድሞ የገዛ ሰው በቅናሽ ይገዛል፤ ወደፊት የሚታከለውንም ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። ያልተጠናቀቀን ጨዋታ ለደንበኛ ሸጦ በደንበኛው ገንዘብና አስተያየት የመጨረስ ዘዴ ከዚያ ወዲህ የተለመደ ሆነ፤ ስቲምም በ2013 "ኧርሊ አክሰስ" በሚል ስም ወሰደው። ማይክሮሶፍት የፐርሶንን ኩባንያ ሞያንግን በ2014 የገዛው በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ክፍል አለ። በ2010 ሽያጩ በድንገት ሲያሻቅብ ፔይፓል የፐርሶንን አካውንት አገደው። በወቅቱ በአካውንቱ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ዩሮ ገደማ ነበር። ጨዋታው የእሱ ነው፤ ድረ ገጹም የእሱ ነው፤ የገንዘቡ መንገድ ግን የእሱ አልነበረም።

በሩ ሲከፈት

ስቲም ለረጅም ጊዜ የትኛውን ጨዋታ እንደሚሸጥ የሚመርጡት የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩ። በ2012 ምርጫው "ግሪንላይት" በተባለ አሠራር ለተጫዋቾች ድምፅ ተሰጠ። ድምፅ ማሰባሰብ ራሱ ሌላ ሥራ ሆነ፤ ድምፅ በሽልማት የሚገዙም ታዩ። ቫልቭ በጁን 2017 ግሪንላይትን ዘግቶ "ስቲም ዳይሬክት" የተባለውን ዘረጋ። ደንቡ አጭር ነው፦ ማንነትህን አስመዝግብ፣ የግብርና የባንክ ቅጾችን ሙላ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 100 ዶላር ክፈል። ጨዋታው ከ1,000 ዶላር በላይ ካስገባ 100 ዶላሩ ይመለሳል።

ውጤቱ ጎርፍ ነው። በ2024 ብቻ በስቲም ላይ ከ18 ሺህ በላይ አዳዲስ ጨዋታዎች ወጥተዋል። ይህ ለየቀኑ ሲካፈል ወደ 50 ይጠጋል። የሱቅ መደርደሪያ ጠባብ በነበረበት ዘመን ጨዋታው ሳይገባ ይቀር ነበር፤ አሁን ገብቶ ሳይታይ ይቀራል። ለሠሪው የትኛው እንደሚከፋ መናገር አስቸጋሪ ነው። ቢያንስ በመጀመሪያው ዘመን ሠሪው "አይሆንም" የሚል መልስ ይሰማ ነበር።

10 ዶላሩ እንዴት ይከፋፈላል?

ስቲም ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ ከ10 ዶላሩ 3 ዶላር የመደብሩ ነው። በ2018 ቫልቭ ይህን ድርሻ ቀነሰ፤ የቀነሰው ግን ለትልልቆቹ ነው። አንድ ጨዋታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ ከዚያ በላይ ባለው ገቢ ላይ ድርሻው 25 በመቶ፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ደግሞ 20 በመቶ ይሆናል። አብዛኞቹ ኢንዲ ሠሪዎች ወደዚያ ከፍታ ስለማይደርሱ ሙሉውን 30 በመቶ ይከፍላሉ። በሌላ አነጋገር፣ ቅናሹ የሚደርሰው እምብዛም ለማያስፈልጋቸው ነው።

ተፎካካሪዎች አሉ። በ2018 መጨረሻ የተከፈተው የኤፒክ ጌምስ መደብር 12 በመቶ ብቻ ይወስዳል፤ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮም አንድ ጨዋታ በዓመት ከሚያስገባው የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ ምንም እንደማይወስድ አስታውቋል። በ2013 የተጀመረው ኢች የተባለው መደብር ደግሞ ለየት ያለ ነው። የመደብሩን ድርሻ የሚወስነው ሻጩ ራሱ ሲሆን፣ ሻጩ ካልቀየረው 10 በመቶ ነው፤ ዜሮ ማድረግም ይችላል። ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ገጽ ከፍቶ ጨዋታውን ያስቀምጣል። ጀማሪዎች፣ ተማሪዎችና እንግዳ ነገር መሞከር የሚወዱ ሠሪዎች የሚሰባሰቡት በዚያ ነው። በጁን 2020 የዘር ፍትሕን ለመደገፍ በዚሁ መደብር የቀረበ ጥቅል፣ ከ1,700 በላይ ሥራዎችን በትንሹ በ5 ዶላር ሸጦ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለበጎ አድራጎት አስገኝቷል።

ታዲያ ድርሻው ያነሰባቸው መደብሮች ካሉ ሠሪዎች ለምን 30 በመቶ ወደሚወስደው ይሄዳሉ? ገዢው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። የኮምፒውተር ተጫዋች ለዓመታት የገዛቸው ጨዋታዎች፣ ጓደኞቹና የክፍያ ካርዱ በስቲም ላይ ናቸው። 12 በመቶ የሚወስድ መደብር ከአንድ መቶ ሽያጭ የሚያመጣው ገንዘብ፣ 30 በመቶ የሚወስደው ከአንድ ሺህ ከሚያመጣው አይበልጥም። ሃምብል ባንድልን የጀመረው ዎልፋየር፣ ቫልቭ ይህን የገበያ ጉልበቱን ያላግባብ ተጠቅሟል፣ ሠሪዎች በሌሎች መደብሮች ዋጋ ቀንሰው እንዳይሸጡም ያግዳል ሲል በ2021 ከስሶታል። ቫልቭ ክሱን ያስተባብላል። በ2024 መጨረሻ አንድ የፌዴራል ዳኛ ክሱ በሌሎች ሠሪዎችም ስም በጋራ እንዲታይ ፈቅደዋል።

ከመደብሩ ቀጥሎ የሚመጣው ግብር ነው፤ በመግቢያው የታየው ልዩነት ምንጭም እሱ ነው። የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር የሚኖር ሰው ከአሜሪካ ገዢዎች ከሚያገኘው የዚህ ዓይነት ገቢ ላይ፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት 30 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛል። የሠሪው የመኖሪያ አገር ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ካለው ቅናሹ ያንሳል ወይም ይቀራል። ጀርመንና ብሪታኒያ አላቸው፤ በእነርሱ ስምምነት መሠረት በእንዲህ ዓይነቱ ገቢ ላይ የሚቀነስ የለም። ኢትዮጵያ የላትም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና ሳዑዲ አረቢያም እንዲህ ያለውን ገቢ የሚሸፍን ስምምነት የላቸውም። ከመደብሩ ድርሻ በኋላ ከቀረው 7 ዶላር ላይ 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተነሥቶ 4 ዶላር ከ90 የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪው በሚኖርበት አገር የሚከፍለው ግብር ገና አልተቆጠረም።

የአሜሪካ ቅናሽ የሚመለከተው ለአሜሪካ ገዢዎች የተሸጠውን ብቻ ነው። ጀርመን ውስጥ 10 ዩሮ የተከፈለበት ጨዋታ ሲታሰብ፣ መጀመሪያ በዋጋው ውስጥ የተካተተው 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይወጣና 8 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ይቀራል። መደብሩ ከዚያ ላይ 30 በመቶውን ሲያነሣ ለሠሪው 5 ዩሮ ከ88 ሳንቲም ይሆናል። ታክሱን አስልቶ ለየመንግሥቱ የሚከፍለው መደብሩ ነው። ራሱ በድረ ገጹ የሚሸጥ ሰው ግን ይህን ሥራ በራሱ ትከሻ መሸከም አለበት፤ ብዙዎች 30 በመቶውን እያጉረመረሙም ቢሆን የሚከፍሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተለጠፈውን ዋጋ የሚሸረሽሩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንድ ገዢ ጨዋታውን ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተና ከገዛ 14 ቀን ካልሞላው፣ ስቲም ገንዘቡን ይመልስለታል። ደንቡ ከ2015 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ለገዢ ፍትሐዊ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ አጭር ጨዋታ ለሠራ ሰው ግን ጨርሶት የሚመልስ ደንበኛ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቅናሽ የገበያው ባህል ሆኗል። ገዢው የበጋና የክረምት ታላላቅ ቅናሾችን መጠበቅ ለምዷል። ስለዚህ የ10 ዶላር ጨዋታ ዘወትር በ10 ዶላር ይሸጣል ብሎ የሚያቅድ ሰው ሒሳቡ ይፈርሳል።

መታየት

ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ሽያጭ የሚጀምረው ጨዋታው ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነው ይላሉ። ዋናው መሣሪያ "ዊሽሊስት" ነው። ተጫዋቹ የጨዋታውን ገጽ አይቶ ከወደደው በምኞት ዝርዝሩ ውስጥ ይከተዋል፤ ጨዋታው ሲወጣ፣ በኋላም ዋጋው 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲቀንስ፣ ስቲም በኢሜይል ያስታውሰዋል። ገጹን ቀደም ብሎ የከፈተ ሠሪ በመጀመሪያው ቀን የሚጠብቁት ሰዎች ይኖሩታል። ገጹን በመጨረሻው ሳምንት ለመክፈት ያሰበ ግን አይሳካለትም፤ ደንቡ ራሱ ገጹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት "በቅርቡ ይወጣል" ተብሎ እንዲቆይ ያስገድዳል። 100 ዶላሩ ከተከፈለ በኋላም ቢያንስ 30 ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው የሙከራ ቅጂ ነው። ስቲም በዓመት ሦስት ጊዜ "ኔክስት ፌስት" የሚባል ዝግጅት አለው። ገና ያልወጡ ጨዋታዎች ለሳምንት ያህል በነፃ ይቀመሳሉ። የ1993ቱ የማር ቅምሻ በሌላ ስም ተመልሷል ማለት ይቻላል። ሦስተኛው የተጫዋቾች አስተያየት ነው። አንድ ጨዋታ አሥር የገዢ አስተያየቶች እስኪያገኝ ድረስ ጥቅል የጥራት ደረጃ በገጹ ላይ አይወጣለትም። ለታወቀ ስቱዲዮ አሥር አስተያየት የደቂቃዎች ነገር ነው። ለማይታወቅ ሠሪ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ከዚህ በላይ ያለው በዕድልና በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። "አመንግ አስ" በ2018 ሲወጣ ብዙ ሰው አላየውም። ሦስት ሠሪዎች ነበሩት። በ2020፣ ዓለም በወረርሽኝ ምክንያት ቤቱ በተቀመጠበት ወቅት፣ ጨዋታቸውን በቀጥታ ቪዲዮ የሚያስተላልፉ ታዋቂ ተጫዋቾች አነሡትና ዓለም አወቀው። ሠሪዎቹ ክፍል ሁለትን ለመሥራት የነበራቸውን ዕቅድ ሰርዘው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ጨዋታው በሁለቱ ዓመታት መካከል የተለየ ተአምር አልተጨመረበትም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

ኤሪክ ባሮን በሲያትል በአንድ ቲያትር ቤት ተመልካች እያስተናገደ፣ የእርሻ ሕይወትን የሚያሳየውን "ስታርዲው ቫሊ"ን ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠራ። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ኮዱም የእሱ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 በ15 ዶላር የወጣው ይህ ጨዋታ እስከ 2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሉካ ጋላንቴ የሠራው "ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ" በ3 ዶላር ገደማ ሽያጭ ጀምሮ፣ በ2023 የብሪታኒያው ባፍታ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማትን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰባቸው ተፎካካሪዎች ነጥቆ ወሰደ። እነዚህ ታሪኮች እውነት ናቸው። የሚነገሩት ግን ብርቅ ስለሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት የወጡት ሌሎች ብዙ ጨዋታዎች ታሪክ ጸሐፊ የላቸውም።

አሳታሚውም በሌላ መልክ ተመልሷል። ማንነቱን ደብቆ የሚሠራ አንድ ካናዳዊ በ2024 ያወጣው "ባላትሮ" በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሲሸጥ፣ ከጀርባው ማስታወቂያውንና ትርጉሙን የያዘለት አሳታሚ ነበር። የዛሬው ኢንዲ አሳታሚ የሚሸጠው መደርደሪያ ሳይሆን ትኩረት ነው፤ ምላሹም ከገቢው ላይ ድርሻ ነው። ውል የሚፈርም ሠሪ የጨዋታው ባለቤትነት በእሱ ስም መቅረቱን፣ አሳታሚው ያወጣውን ወጪ መልሶ እስኪወስድ ድረስ ለሠሪው የሚከፈል ነገር መኖር አለመኖሩን ማየት ይኖርበታል። ብዙ ጸጸት የሚመጣው ከዚህ ሁለተኛው ነጥብ ነው።

አዲስ ሠሪዎችን የሚያጠቃ አንድ ማጭበርበርም መጥቀስ ተገቢ ነው። ጨዋታው በወጣ ሰሞን "ብዙ ተከታይ ያለኝ ቪዲዮ ሠሪ ነኝ፤ ነፃ ቅጂ ላኩልኝ" የሚሉ መልእክቶች ይጎርፋሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሌላ ሰው ስም የሚጻፉ ናቸው። የሚላክላቸውን የማውጫ ቁልፍ በርካሽ ይሸጡታል።

የገንዘቡ መንገድ

ስቲም የአንድ ወርን ገቢ የሚልከው በቀጣዩ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ የተጠራቀመው 100 ዶላር ካልሞላ ይቆየዋል። የሚልከውም በባንክ ነው። የሠሪው የተመዘገበ ስምና የባንክ አካውንቱ ስም አንድ መሆን አለባቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል የስም አጻጻፋቸው በፓስፖርትና በባንክ ደብተር ላይ ለሚለያይባቸው ሰዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በራሱ ድረ ገጽ ወይም በትንንሾቹ መደብሮች መሸጥ የሚፈልግ ሠሪ ደግሞ ካርድ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያስተላልፍለት ኩባንያ ያስፈልገዋል። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚገኙ ሻጮች አገልግሎት አይሰጥም። የገዢው ወገንም ተመሳሳይ እንቅፋት አለበት። ስቲም የሳዑዲን ሪያል፣ የኤምሬቶችን ዲርሃም፣ የእስራኤልን ሼቄልና የደቡብ አፍሪካን ራንድ ይቀበላል፤ ብርን ግን አይቀበልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ተጫዋች ዋጋውን የሚያየው በዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከሌለው የጎረቤቱ ልጅ የሠራውን ጨዋታ እንኳ መግዛት አይችልም።

የክፍያ ኩባንያዎች ጉልበት በበለጸጉት አገሮችም ይሰማል። በጁላይ 2025 አንድ የአውስትራሊያ ንቅናቄ ባደረገው ግፊት የካርድና የክፍያ ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ሲሰጡ፣ ስቲምና ኢች ለአዋቂዎች ብቻ የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎችን ከገበያ አነሡ ወይም ከፍለጋ ሰወሩ። ኢች እርምጃውን የወሰደው በድንገት ስለነበር፣ ነገሩ የማይመለከታቸው ሠሪዎችም ገጻቸው ጠፍቶ አገኙት። ስለ ጨዋታዎቹ ይዘት ሰዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ከፔይፓልና ከማይንክራፍት ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠው ነገር ግን፣ መደብሩም ራሱ ከሌላ ሰው በር ላይ የቆመ መሆኑ ነው።

ከአፍሪካ የሚሸጡ

በዚህ ገበያ ውስጥ አፍሪካውያን ሠሪዎች አሉ፤ መንገዳቸውም የተለያየ ነው። በካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ በማዕከላዊ አፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ስቱዲዮዎች አንዱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ገንዘብ ከግለሰቦች እያሰባሰበ፣ በአፍሪካ ተረቶችና ባህሎች ላይ የተመሠረተውን "ኦሪዮን"ን ሠራ። በ2015 በኢንተርኔት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ወደ 50 ሺህ ዩሮ ገደማ አግኝቶ፣ በኤፕሪል 2016 በስቲም ላይ አወጣው። የደቡብ አፍሪካው ፍሪ ላይቭስ "ብሮፎርስ"ን በ2015 ሲያወጣ ከአሜሪካ አሳታሚ ጋር ሆኖ ነው። የጆሃንስበርጉ ንያማኮፕ ደግሞ በ2018 "ሴምብላንስ"ን በኮምፒውተርና በኒንቴንዶ ስዊች አቅርቧል።

ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን ያደገው በሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች መጠለያ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅመው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት፤ ባትሪውን ለመሙላት ለሰዓታት ይጓዝ ነበር። ከጦርነት ስለሚሸሹ ሰዎች የሚተርከውን "ሰላም" የተባለ ጨዋታ የሠራው በዚያ ነው። በኋላ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተዛውሮ ስቱዲዮውን የከፈተው ግን በአሜሪካ ነው።

በኢትዮጵያ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ ይጠቀሳል። "ኩኩሉ" የተባለው ጨዋታው ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን ይከተላል፤ ስቱዲዮው ነባሩን ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ኮምፒውተርን ሳይሆን ስልክን መምረጡ ገበያውን ያየ ውሳኔ ነው፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ኢንተርኔትን የሚያገኘው በስልኩ ነው። የስልክ መደብሮች ደንብ ለየት ይላል። አፕል በዓመት 99 ዶላር፣ ጉግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላሉ፤ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ሠሪዎች አፕል ከ2021 ወዲህ የሚወስደው 15 በመቶ ነው። በስልክ ላይ ግን አብዛኛው ጨዋታ በነፃ ስለሚወርድ፣ ገቢው የሚመጣው ከማስታወቂያና ከውስጥ ሽያጭ ነው። ለዚያ ብዙ ሺህ ተጫዋች ያስፈልጋል።

በአማርኛ ጨዋታ መሥራት ለሚያስብ ሰው አንድ መልካም ነገር አለ። የግእዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ እንደ ዐረብኛም ፊደሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ መልክ አይቀይሩም። ስለዚህ ፊደሉን የያዘ ፎንት ወደ ጨዋታው ማስገባት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የስቲም መደብር ገጽታ ራሱ በአማርኛ ስለማይቀርብ ግን፣ ጨዋታውን የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ ቢያንስ በእንግሊዝኛም መዘጋጀት ይኖርበታል። በስቲም ተጠቃሚዎች ብዛት ከእንግሊዝኛ ጋር ለአንደኝነት የሚፎካከረው ቻይንኛ ስለሆነ፣ ለትርጉም ትንሽ ገንዘብ ያላቸው ሠሪዎች ቀድመው የሚያስተረጉሙት ብዙውን ጊዜ ወደዚያ ነው።